ስቲቭ ብሉመር፦ 23 ጨዋታ፣ 28 ጎል፣ ዋንጫ ግን የለም

የውይይታችን ክር ረዝሟል። አሁን የምትገቡ ሰዎች ከላይ እስከ ታች ለማንበብ ትዕግሥቱ እንደማይኖራችሁ አውቃለሁ። ነገሩን የቆሰቆስኩት እኔ ስለሆንኩ ማን ምን እንዳለ በራሴ አንደበት ልንገራችሁ። ካዳላሁ ከታች ጻፉብኝ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ፖስቴ አጭር ነበር። የእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን ጎል አግቢዎች ሲነሱ ሁሉም ሃሪ ኬንን፣ ሩኒን፣ ቦቢ ቻርልተንን ይጠራል፤ ግፋ ቢል ጂሚ ግሪቭስን። ኬን በ2023 ኔፕልስ ላይ ጣሊያን ላይ አግብቶ የሩኒን 53 ጎል ሲያልፍ የነበረውን ወሬ ታስታውሳላችሁ። ከዚያ ከመቶ ዓመት በላይ አስቀድሞ ግን የደርቢ ካውንቲው ስቲቭ ብሉመር ነበር። ከ1895 እስከ 1907 ለእንግሊዝ 23 ጊዜ ተሰልፎ 28 ጎል አገባ። የመጀመሪያዎቹን 10 ጨዋታዎች አንድም ሳይዘል በሁሉም አግብቷል፤ በ10ሩ 19 ጎል። ክርክሬ እንዲህ ነበር፦ በአማካይ ከሄድን ማንም አይደርስበትም፣ የሚያነሳው ግን የለም። ለምን? ይህን ጽፌ ስልኬን ቻርጅ ላይ ሰካሁና ተኛሁ።

ጠዋት ስነሳ 9 ምላሽ ጠበቀኝ።

የመጀመሪያው ጨዋ ነበር። አመሰገነኝና የሰውየውን ስም ሰምቶ እንደማያውቅ ተናዘዘ። ደርቢ ካውንቲን ራሱን የሚያውቀው በ2007/08 ከፕሪሚየር ሊጉ በ11 ነጥብ ስለወረደ ብቻ መሆኑንም ጨመረ። ዓመቱን ሙሉ አንድ ጨዋታ ብቻ ያሸነፈ ቡድን፣ አዎ፣ እሱ ነው። ምላሽ 2 ከዚሁ ተነስቶ የሰፈሩን ልጅ ነገር አወጋን። ልጁ በእልህ ያን ዓመት ደርቢን ደግፎ ነበር አሉ። አሁን ሚስትና ልጆች አሉት፤ ሰፈሩ ግን እስከ ዛሬ የሚጠራው አሥራ አንድ እያለ ነው።

ምላሽ 3 ላይ አየሩ ተቀየረ። ይህ ሰው ሰላምታም አላባከነም። ያኔ ኳስ የሚጫወቱት ቀን ፋብሪካ የዋሉ ባለ ሪዝ ሰዎች እንደነበሩና የዛሬ ተከላካይ ፊት አምስት ደቂቃ እንደማይቆሙ ጻፈ። ማስረጃውንም ደረደረ። ብሉመር በ1895 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰለፍ እንግሊዝ አየርላንድን ደርቢ ከተማ ላይ 9 ለ 0 ነው የረታችው። በ1896 ካርዲፍ ላይ ዌልስ 9 ለ 1 ስትሸነፍ አምስቱን ያገባው እሱ ነው። ይህ ለምላሽ 3 ጎል መቁጠር ሳይሆን የሰፈር ልጆችን ሰብስቦ መቅጣት ነው። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ሳቄ መጣ።

ምላሽ 4 ግን አልሳቀም። 28ቱን ጎሎች ቆጥሮ መጣ፦ 12 ዌልስ ላይ፣ 8 አየርላንድ ላይ፣ 8 ስኮትላንድ ላይ። ዌልስና አየርላንድ ደካማ ነበሩ ከተባለ ይቀበላል። ስኮትላንድ ግን የዘመኑ አስፈሪ ቡድን እንደነበረች፣ የእንግሊዝ ተጫዋች ትልቅነት የሚለካውም በእሷ ፊት እንደነበረ አስረዳ። ብሉመር በ1898 ግላስጎው ላይ ሁለት አግብቶ 3 ለ 1 አሸንፈዋል። በ1904 እዚያው ግላስጎው 1 ለ 0 ሲያሸንፉ አንዷ የእሱ ናት። በ1907 ኒውካስል ላይ አንድ አቻ ሲለያዩም ያገባው እሱ ነው፤ ያም የመጨረሻ ጨዋታው ሆነ። በመጨረሻም ለምላሽ 3 አንድ ምክር ቢጤ ጣል አደረገ፤ ሰው ከመናገሩ በፊት ቢያነብ ምንም እንደማይጎድልበት። እዚህ ላይ እሳቱ ተያያዘ።

ምላሽ 5 የዳኝነት ሰው ይመስለኛል፣ ነገሩን ከሕጉ ጀመረ። በብሉመር ዘመን አጥቂ ኳስ ሲሰጠው በእሱና በጎሉ መስመር መካከል ሦስት ተጋጣሚ መኖር ነበረበት። ከሦስቱ አንዱ በረኛው ቢሆን እንኳ ሁለት ተከላካይ ከፊት ያስፈልጋል ማለት ነው። አንዱ ተከላካይ ወደ ፊት ወጣ ካለ አጥቂው ኦፍሳይድ ነው፣ ቢያገባም አይቆጠርለትም፣ አለቀ። ቁጥሩ ወደ ሁለት የወረደው በ1925 ነው፤ ከዚያ በኋላ ጎል እንደ ጉድ በዛ። የኤቨርተኑ አጥቂ ዲክሲ ዲን በአንድ የውድድር ዓመት 60 የሊግ ጎል ያገባው ሕጉ ከላላ በኋላ፣ በ1927/28 ነው። ብሉመር ግን 352 የሊግ ጎል ያገባው በድሮው ሕግ ነው። ዲን ይህን ቁጥር ያለፈው በ1936 ነው። ከዚህ ክር አንድ ምላሽ ብቻ አስቀር ብባል ይህን አስቀራለሁ።

ምላሽ 6 ደግሞ እስከ 1912 ድረስ በረኛ በራሱ የሜዳ ግማሽ ውስጥ የትም ቦታ ኳስ በእጁ መንካት ይችል እንደነበር አከለ። ምላሽ 3 ተመልሶ መጣና ይህ ሁሉ ሕግ ለሁለቱም ቡድን እኩል እንደነበር ተናገረ። ልክ ነው። ግን ጥያቄውን አይመልስም።

ምላሽ 7ን የጻፉት ትልቅ ሰው ናቸው። እንግሊዝ አገር አርባ ዓመት እንደኖሩ፣ ደርቢ ከተማ ውስጥም ለሥራ ብለው እንደከረሙ ነገሩን። ከዚህ በኋላ ሁሉም ጋሼ ማለት ጀመረ፤ ምላሽ 3 ሳይቀር። እሳቸው ስለ ቁጥር አልተከራከሩም፣ ሰውየውን ነው ያመጡት። ብሉመር በ1874 የተወለደው ክሬድሊ ሂዝ ነው፤ ሰንሰለት በመሥራት የሚታወቅ ከተማ። አባቱ የብረት ሠራተኛ ነበር። ቤተሰቡ ወደ ደርቢ የሄደው ልጁ ገና ትንሽ ሳለ ነው፤ ልጁ የደርቢ ሰው ሆኖ አደገ። በ1892 ክለቡ ሲያስፈርመው የሳምንት ክፍያው 7 ሽልንግ ከ6 ፔንስ ነበር። መልኩ የአትሌት አልነበረም። ቀጭን፣ ገርጣ ያለ፣ የታመመ የሚመስል ልጅ። ከግርጣቱ የተነሳ የወጣለት ቅጽል ስምም ነበረው። ሲመታ ግን በሁለቱም እግሩ ነው፣ ኳሷን ሳያቆም፣ መሬት ለመሬት። ጋሼ እንዳሉት የዚያ ዘመን በረኛ ከፍ ላለ ኳስ ይዘላል እንጂ ወደ ታች ለመጣል አይቸኩልም ነበር፣ ሜዳውም ጭቃ ነው። ይህ የእሳቸው ግምት ነው። ለእኔ ግን ገባኝ።

ምላሽ 8 ገንዘቡ ላይ አተኮረ። በ1901 የተጫዋች ደመወዝ በሳምንት ከ4 ፓውንድ እንዳይበልጥ ተደንግጎ ነበር። ብሉመርም ሆነ ተጠባባቂው ከዚያ በላይ አያገኙም። ክለቦች ግን ተጫዋች ሲሸጡ የሚቀበሉት ገንዘብ ጣሪያ አልነበረውም። ሚድልስብሮ የተባለው ክለብ በ1905 ለአጥቂው አልፍ ኮመን 1,000 ፓውንድ ከፍሎ ዓለምን አስደንግጧል። በዓመቱ ከመውረድ ለመዳን ሲል ብሉመርን በ750 ገዛው። 32 ዓመት የሞላው ሰው ነው። ደርቢዎች በጣም አዘኑ፤ ብሉመርም በ1910 ተመልሶ መጣላቸው። ምላሽ 9 ከዚህ ተነስቶ የዛሬ ተጫዋቾችን ደመወዝ ሲራገም አንድ ገጽ ሙሉ ጻፈ። ዘልዬዋለሁ፣ ይቅርታ።

ምላሽ 10 የጠየቀው የዋህ ጥያቄ ነው፤ ያስከተለው ጉድ ግን ቀላል አይደለም። ሸገር ደርቢ የምንለው ቃል ከዚህ ከተማ የመጣ ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። ምላሽ 11 ወዲያው አዎ አለ። በዚያ ከተማና በአካባቢው በዐቢይ ጾም መግቢያ ሁለት ሰበካዎች ሕዝባቸውን አሰልፈው በአንድ ኳስ ሲራኮቱ ይውሉ እንደነበር፣ አሽበርን በምትባል ጎረቤት ከተማም ዛሬ ድረስ እንደሚካሄድ ገለጸ። ምላሽ 12 ይህን ተረት ነው ሲል አጣጣለ። ቃሉ የመጣው በ1780 ኤፕሰም ላይ ከተጀመረውና በደርቢ መስፍን ስም ከሚጠራው የፈረስ እሽቅድምድም እንደሆነ ደረቅ ብሎ ተከራከረ። ምላሽ 11 መለሰ፣ 12 መለሰ፣ አሁንም 11። መሀል ላይ አንዱ የጊዮርጊስ፣ ሌላው የቡና ደጋፊ መሆናቸው ታወቀ። ከዚያ በኋላ የጻፉት ስለ ቃል አመጣጥ አይደለም። ሁለቱንም በትሕትና ወደ ሌላ ክር እንዲዛወሩ ለመንኳቸው፤ ቁጥር የያዘላቸው የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ብቻ ናቸው፣ የቀረውን አጠፋሁት።

ምላሽ 13 ወደ ጉዳዩ መለሰን፣ ግን በእርግማን በኩል። ደርቢ ካውንቲ በ1895 ቤዝቦል ግራውንድ ወደሚባለው ሜዳ ሲገባ እዚያ ሰፍረው የነበሩ ጂፕሲ የሚባሉ ዘላኖች ተባረዋል ይባላል። እነሱም ሲወጡ ክለቡ ዋንጫ እንዳያነሳ ረገሙት አሉ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ቆጠረልን። በ1898 የኤፍ ኤ ካፕ፣ ማለትም የእንግሊዝ የጥሎ ማለፍ ዋንጫ፣ ፍጻሜ በኖቲንግሃም ፎረስት 3 ለ 1 ተሸነፉ። በ1899 እየመሩ ዕረፍት ወጥተው በሼፊልድ ዩናይትድ 4 ለ 1። በ1903 በቤሪ 6 ለ 0። ይህ የመጨረሻው ውጤት በፍጻሜ ታሪክ ትልቁ ሽንፈት ሆኖ ቆይቶ ማንቸስተር ሲቲ በ2019 ዋትፎርድን 6 ለ 0 ሲያሸንፍ ነው የተስተካከለው። ደርቢ ዋንጫውን ያነሳው በ1946 ነው፤ አንድ ሰው ጂፕሲዎች ዘንድ ሄዶ እርግማኑን ካስነሳ በኋላ እንደሆነ ይተረካል። ብሉመር ያኔ ከሞተ ስምንት ዓመቱ ነው።

ምላሽ 14 በእርግማን የሚያምን ሰው ኳስ ባያይ ይሻለዋል አለ። ጋሼ ገብተው፣ አገር ቤት ሳሉ በረኛቸው ጎሉ ሥር ምን ይቀብር እንደነበር በሳቅ ነገሩንና ምላሽ 14 ዝም አለ። ይህ ምላሽ 15 ሆኖ ተቆጥሯል።

ምላሽ 16 አራሚ ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው በየክሩ አይጠፋም፣ እግዜር ይስጠው። ብሉመር ሦስቱንም ፍጻሜ ተሸንፏል ብሎ የሚያወራ ስለማይጠፋ አስቀድሞ አስተካከለ። በ1903 ተጎድቶ አልተሰለፈም። በ1898 ግን ተሰልፎ የደርቢን ብቸኛ ጎል ያገባው እሱ ነው። ቀኑ ሚያዝያ አጋማሽ፣ ኤፕሪል 16 ነበር። ብሉመር ያረፈውም ኤፕሪል 16 ነው፣ በ1938፣ ከዚያ ፍጻሜ ልክ አርባ ዓመት በኋላ። ይህን ሳነብ ቡናዬን አስቀመጥኩ።

ቀጥሎም አራሚው ወደ እኔ ዞረ። ርዕሴ ላይ ዋንጫ የለም ማለቴ ስህተት ነው። ብሉመር ወደ ደርቢ ከተመለሰ በኋላ ቡድኑ በ1912 የሁለተኛ ዲቪዚዮን ሻምፒዮን ሆኗል። ከዚያም የሚያስቅ ነገር ጨመረ፤ ሰውየው የአገሩ ሻምፒዮን ሆኖ ያውቃል፣ በቤዝቦል! የሜዳው ባለቤት ፍራንሲስ ሌይ አሜሪካ አይቶ የመጣ የብረት ፋብሪካ ጌታ ነበር፤ ሜዳውንም መጀመሪያ የሠራው ለቤዝቦል ነው። ብሉመር በበጋ ለደርቢ ቤዝቦል ቡድን እየተጫወተ የብሪታንያ ሻምፒዮን ሆነ። ርዕሱን ልቀይር አሰብኩ፣ ግን ሰው በዚያ ርዕስ ገብቶ ስለተከራከረ ተውኩት።

አሁን ወደ ምላሽ 17። ረጅም ነው፣ ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ጸሐፊዋ ጀርመን አገር የምትኖር እህት ናት። ብሉመር ኳስ ያቆመው በ1914 መጀመሪያ፣ 40 ዓመት እንደሞላው ነው። በሐምሌ ወር ብሪታኒያ በርሊን የተባለ ቡድን ሊያሠለጥን ወደ በርሊን ሄደ። ከሦስት ሳምንት በኋላ አንደኛው የዓለም ጦርነት ፈነዳ። በኅዳር ጀርመኖች አገራቸው ውስጥ ያሉ እንግሊዛውያን ወንዶችን ለቅመው ሩሌበን አስገቧቸው። ሩሌበን በርሊን ዳር፣ ሽፓንዳው አካባቢ ያለ የፈረስ እሽቅድምድም ሜዳ ነው። አራት ሺህ ያህል ሰው የፈረስ ጋጣ ውስጥ፣ ፈረስ በሚታሰርበት ክፍል ስድስት ስድስት ሆኖ፣ የተረፈው ደግሞ ጣሪያው ሥር ሣር በሚከመርበት ላይ ተኛ። የእንግሊዝ የምንጊዜም ጎል አግቢ የነበረ ሰው ለሦስት ዓመት ከመንፈቅ እንዲህ ኖረ።

እስረኞቹ ግን ቁጭ አላሉም። የራሳቸውን የእግር ኳስ ማኅበር አቋቋሙ፣ ጋጣ በጋጣ ሊግ አደረጉ። ቶተንሃምን በ1901 የኤፍ ኤ ካፕ ባለድል ያደረገው ጆን ካሜሩን እዚያ ነበር። ለጀርመን የኦሎምፒክ ቡድን አሠልጣኝ ሊሆን የመጣው ፍሬድ ፔንትላንድም እንዲሁ። ብሉመር ከአርባ ዓመት በላይ ሆኖ ከእነሱ ጋር ተጫወተ፤ ክሪኬትም ሞካከረ። በ1918 መጋቢት ወደ ሆላንድ እስኪዛወር ድረስ ማለት ነው። እህታችን በመጨረሻ አንድ ነገር ጨመረች። ኑሮ ፍለጋ ወጥቶ ወረቀቱ ባልጠበቀው ቀን ዋጋ ያጣበትን ሰው እሷም ታውቃለች። ከዚያ በላይ አልገለጸችም፣ እኛም አልጠየቅናትም።

ምላሽ 18 እዚያው ካምፕ ውስጥ ጄምስ ቻድዊክ የሚባል ወጣት ሳይንቲስት እንደነበረ አስታወሰን። በኋላ ኒውትሮንን አግኝቶ በ1935 የኖቤል ሽልማት የወሰደው ማለት ነው። ብሉመር ሲያገባ ቆሞ አይቶት ይሆናል ብሎ መገመት ደስ ይላል።

ምላሽ 19 ማን ይሆን? ምላሽ 3 ነው። እስር ቤቱ እንዳሳዘነው፣ ነገር ግን መታሰር አንድም ጎል እንደማይጨምር ጻፈ። ሦስት ሰዎች ተቆጡ፣ አንዱማ ስድብ ወረወረና አጠፋሁት። እኔ ግን ነገሩን ሳስበው ሰውየው አልተሳሳተም። የጠየቅኩት ስለ ጎል ነበር።

ይባስ ብሎ ምላሽ 20 የጎሉንም ክርክር ከእጄ ነጠቀኝ። ቪቪያን ዉድዋርድን ረስተሃል አለኝ። ዉድዋርድ አማተር ነው፣ ያለ ደመወዝ የሚጫወት፣ ሙያው አርክቴክት፣ በ1908 እና በ1912 የኦሎምፒክ ወርቅ ያነሳ። የብሉመርን የ28 ጎል ሪከርድ በ1911 የሰበረውም እሱ ነው፤ 29 ጎል። በስንት ጨዋታ? በ23! እኩል ጨዋታ፣ አንድ ጎል በላይ። ስለዚህ በአማካይ ማንም አይደርስበትም ያልኩት ውሸት ሆኖ ተገኘ። እንግሊዝ ከ1908 ጀምሮ ወደ አውሮፓ ወጥታ ኦስትሪያን በአንድ ጉዞ 6 ለ 1 እና 11 ለ 1፣ ሃንጋሪን 7 ለ 0 ስትቀጠቅጥ ዉድዋርድ ነበረ፣ ብሉመር አልነበረም። ይህን ብዬ ልከላከል ሞከርኩ። ምላሽ 3 በደስታ ከተፍ አለና፣ የሰፈር ልጆችን ነገር ከላይ አንስቶት እንደነበር አስታወሰኝ። ተሸነፍኩ።

ምላሽ 21 የዋንጫውን ነገር ጨረሰው። ከጦርነቱ በኋላ ብሉመር ስፔን ገባ፣ ኢሩን በምትባል የድንበር ከተማ ሬያል ኡኒዮንን አሠለጠነ። በ1924 በግማሽ ፍጻሜ ባርሴሎናን ጥለው፣ ሳን ሴባስቲያን ላይ በተደረገው ፍጻሜ ሬያል ማድሪድን 1 ለ 0 አሸንፈው የስፔንን የንጉሥ ዋንጫ አነሱ። ብሉመር ያኔ 50 ዓመቱ ነው። የካምፑ ጓደኛው ፔንትላንድም ስፔን ሄዶ ከአትሌቲክ ቢልባኦ ጋር ሊጉን በ1930 እና በ1931 ወስዷል። ከአንድ የፈረስ ሜዳ ሁለት አሠልጣኝ ወጣ ማለት ነው።

ለምን ተረሳ ላልኩት የመለሱት ጋሼ ናቸው፣ ምላሽ 22። ማን ረሳው አሉ። ደርቢ ስታዲየም በቡድኑ መቀመጫ ጎን ከ2009 ጀምሮ ከደረት በላይ የተሠራ ሐውልቱ ቆሟል። ተጫዋቾች ወደ ሜዳ ሲገቡ ስሙ ያለበት መዝሙር ይዘመራል። እሳቸው አንድ ቅዳሜ ትኬት ተሰጥቷቸው ገብተው፣ አጠገባቸው የተቀመጡ አዛውንት ስለ ብሉመር ትናንት ያዩት ይመስል ሲያወሩላቸው ዋሉ። ዕድሜያቸውን ቢያሰሉት፣ ሰውየው ሲጫወት ያዩት አባታቸው እንኳ መሆናቸው ያጠራጥራል። ደርቢ ያን ቀን ተሸነፈ፤ ጋሼ በስንት እንደሆነ አልነገሩንም።

ምላሽ 23 የዛሬ ማታውን ጨዋታ በቀጥታ የሚያሳይ ሊንክ ያለው ሰው ካለ እንዲልክለት ጠየቀ። እስካሁን የላከለት የለም።